እትዬ ሙሉጌጥ ከአከራይነት በኋላ

እትዬ ሙሉጌጥ አከራይነታቸው የቀረው በሬዲዮ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ነበር፤ አንድ ቅዳሜ። በግቢያቸው ውስጥ በመደዳ ከተሠሩት አራት የኪራይ ክፍሎች በመጀመሪያው የሚኖረው ልብስ ሰፊው ጠሀ ሬዲዮኑን መስኮት ላይ አስቀምጦ ደጃፉ ላይ ሱሪ ይተኩስ ነበር። ትርፍ የከተማ ቤት ሁሉ የመንግሥት መሆኑ ሲነገር ካውያውን አሳርፎ ድምፁን ከፍ አደረገው። እትዬ ሙሉጌጥ በዋናው ቤት በረንዳ ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። ንባቡ እስኪያልቅ ቀና አላሉም። ሲያልቅ ሰፌዱን ይዘው ተነሡ፤ ገቡና በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።

ይህን እኔ በዓይኔ አላየሁትም። ግማሹን ከራሳቸው፣ ግማሹን ከጠሀና ከሚስቱ ከሩቂያ ነው የሰማሁት። እኔ እዚያ ግቢ የደረስኩት አዋጁ ከወጣ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ግን በዚያ ግቢ ውስጥ ሰው ስለ ሌላ ነገር እያወራ እንኳ ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚያች ቅዳሜ ላይ ያርፍ ስለነበር፣ የነበርኩ ያህል አውቃታለሁ።

እትዬ ሙሉጌጥ የጋይንት ሰው ናቸው። ባላቸው አሥር አለቃ ኃይለሚካኤል ጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ። ከተማችን አዋሳ ስትቆረቆር ለጡረተኞች ቦታ ሲታደል ለሳቸውም ደረሳቸው። ሐይቁ ዳር ግራርና ሸምበቆ፣ ማታ ጅብ፣ ቀን ትንኝ ብቻ ነበር ይላሉ። ባልና ሚስቱ ልጅ አላገኙም። አሥር አለቃው «ልጅ ያልወለደ ቤት ይውለድ» ብለው ከጡረታቸው እየቆጠቡ በየሁለት ዓመቱ አንዳንድ ክፍል ጨመሩ። አራተኛው ሳይመረግ ሞቱ። እትዬ ሙሉጌጥ ከአርባው በኋላ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው ጭቃውን በእግራቸው ረገጡ፤ ግድግዳውን ራሳቸው መርገው ጨረሱት።

አከራይ ሆነው ግን ጥሩ አልነበሩም። ይህን እሳቸውም አይክዱም። ባንቧው ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነበር። ከሰል ክፍል ውስጥ ማቀጣጠል ክልክል ነው፤ እንግዳ ማሳደር ክልክል ነው፤ ልብስ በአጥር ላይ ማስጣት ክልክል ነው። ጠሀ ሥራ በዝቶበት አንድ የዝናብ ቀን ካውያውን ክፍሉ ውስጥ ቢያቀጣጥል፣ ገብተው ካውያውን ከነፍሙ አንሥተው ወሰዱበትና ሦስት ቀን ሥራ አስፈቱት። ሩቂያን ከስልጤ አገር አግብቶ ሲያመጣት ደግሞ ኪራይ ጨመሩበት። «ሁለት ሰው አንድ ሰው አይደለም» ነበር ያሉት።

ስለዚህ አዋጁ የወጣ ዕለት ጠሀ ሬዲዮኑን ከፍ ማድረጉ የሚገርም አይደለም። የመጨረሻው ክፍል ተከራይ፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ደግሞ ከዚህም አለፈ። በሳምንቱ አዲስ ቁልፍ ገዝቶ በሩ ላይ ሰቀለ፤ በበረንዳቸው ፊት ባለፈ ቁጥር ቁልፉን ያንሿሿ ነበር። ቀበሌው መዝግቦ አራቱን ክፍሎች ወሰደ፤ ዋናውን ቤት ለሳቸው ተወላቸው። በሌላ የሚተዳደሩበት ስለሌላቸው በየወሩ ትንሽ አበል ተቆረጠላቸው። የባንቧውን ቁልፍ ከአንገታቸው ፈትተው ለቀበሌው ሰው ራሳቸው ሰጡት አለችኝ ሩቂያ። ከዚያ በኋላ ግን ከተከራዮቻቸው ጋር ሰላምታ አቆሙ። ወደ መደዳው ክፍሎች ፊታቸውን አያዞሩም። ወደ ሽንት ቤት እንኳ ሲሄዱ ጓሮውን ዞረው ነበር።

ዓመት ያህል እንዲህ ሆነ። በሁለተኛው ክረምት የዋናው ቤት ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። በአንድ ጠዋት እትዬ ሙሉጌጥ ከላይ ኮቴ ሰምተው ወጡ። ጠሀ መዶሻና ምስማር ይዞ ቆርቆሮው ላይ ተንበርክኳል።

«ማን ውጣ አለህ?» አሉት።

«ማንም።»

«ውረድ።»

«ትንሽ ቀረኝ እትዬ።»

«ቤቱ የኔ ነው። እሱን እንኳ ትተውልኛል።»

«የእርስዎ ነው» አለ ጠሀ፣ መምታቱን ሳያቆም። «ግድግዳው ግን የጋራ ነው። በእርስዎ በኩል የገባው ውሃ እኔ አልጋ ላይ ነው የሚወርደው። ሩቂያ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት።»

እትዬ ሙሉጌጥ ገብተው አንድ ጣሳ ምስማር ይዘው ወጡ። የባላቸው ምስማር ነበር፤ ባለ ባርኔጣው፣ የቆርቆሮው። «በዚያ በቀጭኑ አትምታው፤ ይሰነጥቀዋል» አሉት። ከዓመት በኋላ ለጠሀ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል «ማን ውጣ አለህ» ቢሆንም፣ እሱ የሚቆጥረው ይህን የኋለኛውን ነው።

እኔ የመጣሁት መስከረም 1970 ነው። የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ስሜ ብርቅዬ ነው። የጽሕፈት ሥራ ተምሬ በታይፒስትነት አዲሱ የእርሻ ኮሌጅ ተመደብኩ። ኮሌጁ ከተከፈተ ገና ዓመት ያህሉ ነበር፤ ተማሪው፣ አስተማሪው፣ ሠራተኛው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ ቤት ግን የለም። የግል ኪራይ ቀርቷል፤ የቀበሌ ቤት ደግሞ ወረፋ ነው። ለብቻዋ የምትኖር ሴት ስትሆን ወረፋው ይበልጥ ይረዝማል። ፒያሳ አንድ ሆቴል አርፌ ደመወዜን ሳልቀበል ልጨርሰው ሆነ። ቀሚሴን ለማሳጠር እዚያው ፒያሳ ባለው በጠሀ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሜ ይህንኑ ሳማርር፣ መርፌውን ከአፉ አወጣና «አንድ ቤት አለ» አለኝ።

«ማን ያከራያል?»

«አያከራዩም። ነገር ሁሉ ይከለክላሉ፤ ደግሞ ሰው አይወዱም። ግን አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ደባል ሆነሽ ልትገቢ ትችያለሽ። እኔ ላክኩሽ አትበያቸው።»

ሻንጣዬን ይዤ በጋሪ ሄድኩ። እትዬ ሙሉጌጥ በረንዳው ላይ ነበሩ። ረዥም፣ ከሲታ፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ያጣፉ ሴት ናቸው። ሳልጨርስ «የለም» አሉኝ። «ጠሀ ነው የላከሽ?»

«አዎ» አልኩ፤ መዋሸት አልቻልኩም።

«ለሱም የለም በይው።»

ጋሪው ሄዷል። ሻንጣዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ከጠዋት ጀምሮ ራሴን ሲያመኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ጥርሴ መንገጫገጭ ጀመረ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉ።

«ምንም። ትንሽ በርዶኝ ነው።»

«በዚህ ፀሐይ?» ወርደው መጡና መዳፋቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። «ወባ ነው። ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከሆሳዕና።»

«ደገኛ። ወባ ደገኛ ለይታ ታውቃለች።» ሻንጣዬን አነሡት። «ለዛሬ ግቢ። ለዛሬ ብቻ ነው ያልኩሽ።»

ሳምንት ተኛሁ። መድኃኒቱን ጠሀ ከፒያሳ አመጣ፤ አጥሚቱን ሩቂያ ሠራች፤ ሌሊት ላብ ሲያሰምጠኝ አንሶላ የቀየሩልኝ እሳቸው ናቸው። በእግሬ መቆም ስችል ሻንጣዬን ላዘጋጅ ስል ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ሲገፉ ደረስኩባቸው። ከጀርባው መጋረጃ ሰቅለው አልጋ የምታህል ቦታ አወጡልኝ።

«እዚህ ቤት ኪራይ የሚባል ቃል እንዳትናገሪ» አሉኝ። «ቀበሌ ደባል ብዬ አስመዘግብሻለሁ። የምትበይውን ግን ራስሽ ታመጫለሽ። እኔም አብሬ እበላለሁ።»

«እሺ እትዬ።»

«ጴንጤ ነሽ አይደል? መጽሐፍሽን አይቻለሁ።»

ደነገጥኩ። ጴንጤ የሚታሰርበት ጊዜ ነበር። «ነኝ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ጥሩ። መጠጥ የለም፣ ጭፈራ የለም። ግን ድምፅ አውጥተሽ አትጸልዪ። ለራስሽ ነው የምልሽ፤ የዛሬ ግድግዳ ጆሮ አለው።»

በዚያው ዓመት ያ ሾፌር ወደ ሌላ አገር ተዛወረና ቀበሌው የመጨረሻውን ክፍል ለኩማ ሰጠው። ኩማ ሲዳማ ነው፤ ሐይቁ ላይ መረብ ይጥላል። ከሚስቱ ከአባይነሽ ጋር የገባ ዕለት ለጎረቤት ሰላምታ ይሆነው ዘንድ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ በቅጠል ጠቅልሎ በረንዳችን ላይ አስቀመጠ። እትዬ ሙሉጌጥ በእንጨት ገፍተው ለድመታቸው ሰጧት። በማግሥቱም አመጣ፤ በማግሥቱም ለድመቷ። በሦስተኛው ቀን ኩማ ባርኔጣውን አውልቆ በረንዳው ሥር ቆመ።

«እትዬ፣ ድመቷ ወፈረች» አለ።

«እና?»

«የኔን ዓሣ የበላች እሷ ናት።»

እትዬ ሙሉጌጥ አፈሩ። «እኔ ዓሣ አላውቅም ልጄ። አገሬ ተራራ ነው። ይሸታል።»

«የሚሸት የቆየ ነው። ይሄ ጠዋት ውሃ ውስጥ ነበር። እኔ ላሳይዎ?»

ጣውላና የቀሩትን ዓሦች አምጥቶ በረንዳው ላይ ተንበረከከ። ቅርፊቱን በማንኪያ ገፈፈው፤ ከጀርባው በኩል ቢላውን አስገብቶ አጥንቱን እንደ ማበጠሪያ በአንድ ጊዜ አወጣው። እትዬ ሙሉጌጥ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው አጠገቡ ቆመው ያያሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ለቀቁት። «እስቲ ስጠኝ» አሉ። የመጀመሪያውን አበላሹት፤ ሁለተኛውንም። አራተኛው ላይ ኩማ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

የምግቡ ሥራ የመጣው ከዚህ ነው። የኮሌጁ ሠራተኛ ምሳ ለመብላት ፒያሳ ድረስ በብስክሌት ወይም በጋሪ ይመላለስ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ጌታቸው፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን፣ በመንገዱ ላይ ወረቀት ሊያደርስልኝ ቆሞ እኛ ቤት አንድ ቀን ዓሣ ጥብስ በላ። በማግሥቱ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ መጣና በር ላይ ቆሞ «እትዬ፣ በኮንትራት አይሠሩልንም?» አለ።

«ኮንትራት ምንድን ነው?»

«በየቀኑ ምሳ። በወር የምንከፍለው።»

«ሦስት ሰው?»

«ለጊዜው ሦስት።»

እኔ ሥጋ ወጥም ይጨመር አልኩ። አንድ እሑድ ሞከርነው፤ ግቢው ሁሉ ተጠራ። ጠሀና ሩቂያ መጡ፤ ተቀመጡ፤ ሥጋው ሲቀርብ ግን ክርስቲያን ያረደው ነበርና ዳቦ እየቆረሱ ሻይ ጠጡ። እትዬ ሙሉጌጥ ማዕዱን ሲያነሡ በነሱ በኩል ሥጋው እንዳልተነካ አዩ። ማታ እጃቸውን እየታጠቡ «ዓሣን ማንም አያርደውም» አሉኝ።

«እንዴት?»

«ከውሃ ሲወጣ ራሱ ይሞታል። የእስላም የለው፣ የክርስቲያን የለው። ነገ ለኩማ አሥር አምጣ በይው። አምባዛውን ግን አላበስልም፤ ቅርፊት የለውም፤ ለኔ ሃይማኖት አይሆንም።»

ከዚያ ወዲህ በዚያ በረንዳ ላይ ዓሣ ብቻ ነበር የሚበላው፤ ጥብሱ፣ ጉላሹ፣ በሚጥሚጣ የታሸው ዱለቱ። አባይነሽ ከእንሰት የምትጋግረውን ዋሳ ታመጣለች፤ ዓሣ ከሱ ጋር ሲበላ ሌላ ነው። ሩቂያ ዳቦውን ትደፋለች። በጾም ቀን እትዬ ሙሉጌጥ ሽሮአቸውን ለብቻቸው ይበላሉ እንጂ ለሌላው መሥራታቸውን አያቆሙም። ቅዳሜ ጠሀ ሱቁን ዘግቶ ይመጣና ከኮሌጁ ሰዎች ጋር እየበላ የሱሪያቸውን ቁመት በዓይኑ ይለካል። ሦስቱ ተመጋቢዎች ስምንት፣ ከዚያ አሥራ አምስት ሆኑ። ጌታቸው ደግሞ አንድ ቀንም አይቀርም ነበር። ስለ ዓሣው መስሎኝ ነበር።

ዘመኑ ግን ክፉ ነበር። አንድ ሰሞን ከተመጋቢዎቹ አንዱ፣ ዝም ያለ ልጅ፣ ሳይመጣ ቀረ፤ ሰው ዙሪያውን እያየ እንጂ የት ሄደ ብሎ አይጠይቅም ነበር። እትዬ ሙሉጌጥ ለሳምንት ያህል ምሳ በሳህን ከድነው እስር ቤቱ በር ድረስ ይዘው ሄዱ። አንድም ቀን አልተቀበሏቸውም። ልጁ ከሰባት ወር በኋላ ተፈቶ ከስቶ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ ሄደ እንጂ ብዙ አልቆየም። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ መናገር አልወድም።

በ1972 አንድ ሰው ክስ አቀረበ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም። ክሱ «የቀድሞዋ አከራይ በምግብ ስም ቤት እያከራየች ነው፤ ተከራዮቿንም እንደ ድሮው ትጨቁናለች» የሚል ነበር። እትዬ ሙሉጌጥ በእሑድ የነዋሪዎች ስብሰባ እንዲቀርቡ ታዘዙ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሽበሺ የቀድሞ አስተማሪ ናቸው፤ ፊታቸው የማይፈታ፣ ግን ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ የሚሰሙ። አዳራሹ ሞልቷል። እትዬ ሙሉጌጥ አዲስ ነጠላ ለብሰው ፊት ለፊት ቆሙ። ደባላቸው እኔ ነኝና ክሱ የኔም ነው።

ጓድ ሽበሺ ክሱን አነበቡና አንገታቸውን አቀኑ። «የቀድሞ ተከራይ አለ?»

ጠሀ ከኋላ ተነሣ።

«እኚህ ሴት አከራይዎ በነበሩ ጊዜ ጨቁነውዎታል?»

ጠሀ ኮፍያውን በእጁ አዞረ። ሁላችንም «የለም» ይላል ብለን ነበር የምንጠብቀው።

«አዎ» አለ።

ሩቂያ አጠገቤ ነበረች፤ እጄን ጭምቅ አደረገችኝ።

«አስቸጋሪ አከራይ ነበሩ» አለ ጠሀ። «ካውያዬን ወስደውብኛል። ስጋባ ኪራይ ጨምረውብኛል። ይህን ፊታቸው ቆሜ ነው የምናገረው፤ እሳቸውም ያውቁታል።» ወደ እሳቸው ተመለከተ። እትዬ ሙሉጌጥ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ግን አከራይ አይደሉም። ምሳዬን እሳቸው ዘንድ ነው የምበላው። የበላሁበትን እከፍላለሁ፤ ከዚያ ሌላ ምንም አልከፍልም። ልጄ ሲወለድ የያዙት እሳቸው ናቸው። እውነቱን ከተጠየቅሁ ሁለቱም እውነት ነው።»

ቀጥሎ ኩማ ተነሣ። አማርኛው ብዙ ሰው ፊት ሲሆን ያጥርበታል። «ይቺ እናት ዓሣ አትበላም ነበር» አለ። «አሁን ትበላለች። እኔም ዓሣዬን ገበያ ተሸክሜ አልሄድም። ጨረስኩ።» ተቀመጠ። ሰው ሳቀ፤ ጓድ ሽበሺ ግን አልሳቁም።

«ደባሏስ?» አሉ። ተነሣሁ። ወባ ይዞኝ በራቸው ላይ መውደቄን፣ ከዚያ መቅረቴን ነገርኳቸው። ኪራይ የሚለው ቃል በዚያ ቤት እንዳይነሣ መከልከሉንም ጨመርኩ።

ጓድ ሽበሺ እስክሪብቶአቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ጉዳዩ ይህ ነው» አሉ። «ኪራይ ካልተቀበሉ ጥፋት የለም። ምግብ መሥራትም ሥራ ነው፤ ግን በፈቃድ ይሁን። ፈቃድ ካወጡ ደግሞ ገቢ አለዎት ማለት ነው። ገቢ ያለው ሰው አበል አይወስድም። አንዱን ይምረጡ። እስከሚቀጥለው ስብሰባ ያስቡበት።»

«ሳስብበት ነው የመጣሁት» አሉ እትዬ ሙሉጌጥ። «አበሉ ይቅር።»

«አበሉ እኮ በየወሩ የማይቀር ነው። ምግብ ግን ሰው ሊበላም ላይበላም ይችላል። ዕድሜዎም...»

«ዕድሜዬን አውቀዋለሁ ጓድ ሊቀመንበር። አበሉን ልወስድ በመጣሁ ቁጥር የተወሰደብኝን አስቤ ነው የምመለሰው። ምግቡን ስሠራ አላስበውም። ፈቃዱን ይስጡኝ።»

ከስብሰባው ስንወጣ ጠሀ ፈንጠር ብሎ ይሄድ ነበር። እትዬ ሙሉጌጥ ጠሩት። እኔ ይቆጡታል ብዬ ፈራሁ። «ካውያውን ሁለት ቀን ነው የወሰድኩብህ» አሉት።

«ሦስት ነው እትዬ።»

«ሁለት።»

«እሺ፣ ሁለት ይሁን» አለ ጠሀ። ቤት እስክንደርስ ይህንኑ ሲከራከሩ ሄዱ።

ፈቃዱ በሦስቱ ሴቶች ስም ወጣ፤ በሙሉጌጥ፣ በሩቂያና በአባይነሽ። የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነበር። ክረምት ላይ ኮሌጁ ሲዘጋ ተመጋቢ ጠፋ፤ ዘይትና በርበሬ በተራ ሆነ፤ እትዬ ሙሉጌጥ የጋብቻ አምባራቸውን ሸጡ። አበሉን በመተዋቸው ቆጭቷቸው እንደሆነ አንድ ማታ ጠየቅኋቸው። «ቆጭቶኛል» አሉኝ። «ነገ ግን አይቆጨኝም፤ ነገ ሰባት ሰው ምሳ አዟል።» መስከረም ሲጠባ ሰው ተመለሰ። አስተማሪዎቹ አዲስ ለመጣ ባልደረባ ሁሉ «መጀመሪያ ወረፋ ተመዝገብ፣ ቀጥሎ እትዬ ሙሉጌጥ ጋ ብላ» ይሉት ጀመር። ቤት የጠፋበት ሰው ሁሉ ወሬ የሚለዋወጠው እዚያ በረንዳ ላይ ሆነ፤ ማን ሊዛወር ነው፣ የትኛው ቀበሌ ክፍል ተለቀቀ፣ ማን ደባል ይፈልጋል። እሳቸው ጉልበታቸው ላይ ዓሣ እየሰነጠቁ ሁሉንም ይሰማሉ፤ «አንተ ከዚህኛው ጋር ኑር፣ ሁለታችሁም ታንኮራፋላችሁ» እያሉ ያገናኛሉ። በዚያ በረንዳ ስንት ሰው ቤት እንዳገኘ እንጃ።

እኔም አገኘሁ። በ1975 ወረፋዬ ደርሶ ቀበሌው ሦስተኛውን ክፍል፣ እዚያው መደዳ ላይ ያለውን፣ ሰጠኝ። ሻንጣዬን ይዤ ግቢውን ስሻገር እትዬ ሙሉጌጥ መጥረጊያ ይዘው ተከተሉኝ። ከአዋጁ ወዲህ ከነዚያ ክፍሎች ውስጥ አንዱንም ገብተው አያውቁም ነበር። ደፍ ላይ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ገብተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ይህን ኃይለሚካኤል ነው የመረገው፤ ጭድ ያበዛል» አሉ። «አልጋሽን በዚህ በኩል አድርጊው፤ ጠዋት ፀሐይ ታገኚያለሽ።» ጥግ ጥጉን ጠርገውልኝ ወጡ።

ጌታቸው የሚመላለሰው ለዓሣው እንዳልሆነ ከኔ በፊት የገባቸውም እሳቸው ናቸው። «ያ ልጅ ዓሣ አይወድም» አሉኝ አንድ ቀን፣ እንደ ዋዛ። «እንዴት አወቁ?» ብላቸው «ለአራት ዓመት ቆዳውን ገፍፎ ለድመቷ ሲሰጥ አይቻለሁ። ሰው የሚወደውን ቆዳውን አይጥልም» አሉ። በዓመቱ ተጋባን። ሽማግሌ ሆነው ሆሳዕና ድረስ የሄዱት ጠሀና ኩማ ናቸው። አባቴ አንድ እስላምና አንድ ሲዳማ ዓሣ አጥማጅ የላከ አማራ ሙሽራ ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ ሲደነቅ አምሽቶ ፈቀደ።

በ1979 የኮሌጁ ሠራተኞች የቤት ሠሪዎች ማኅበር አቋቁመን ቦታ ተመራን። ከከተማው ወደ ደቡብ፣ ያኔ ሜዳ የነበረ ነው። መሠረቱ ሲቆፈር እትዬ ሙሉጌጥን በጋሪ ወሰድናቸው። እርጅና ተጭኗቸዋል፤ በጌታቸው ክንድ ተደግፈው ጉድጓዱን ዞሩት። ሳሎኑ ይህ ነው፣ መኝታው ይህ ነው እያለ አሳያቸው። ጨርሶ ሲያበቃ «ጎን ላይ አንድ ክፍል ጨምሩ» አሉ።

«ማከራየት አይቻልም እኮ እትዬ» አለ ጌታቸው።

«ማከራየት አላልኩም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ከተማው እየሰፋ ነው። ሰው ይመጣል» አሉ። ከዚያ አናጢውን ጠርተው በሩ ወደ ውጭ እንዲሆን፣ የገባው ሰው ሳሎን ሳያቋርጥ እንዲወጣ፣ መስኮቱም የአላፊ አግዳሚ ዓይን እንዳይገባበት ከፍ እንዲል ነገሩት። አናጢው «እማማ፣ ግንበኛ ነዎት?» ቢላቸው «አራት ሠርቻለሁ» አሉት።

ገንዘባችን አይበቃም ነበር፤ ሠራነው። መጀመሪያ የጌታቸው ወንድም ገባበት። ከዚያ ከቦንጋ የመጡ ሁለት የደን ተማሪዎች፤ ከነሱ በኋላ ከነልጇ የተዛወረች አንዲት ነርስ። ዛሬ ማለዳ ደግሞ አንድ ከይርጋለም የመጣ ወጣት በር አንኳኩቶ «እትዬ ሙሉጌጥ ልከውኝ ነው» አለ። ጌታቸው ፍራሹን እያወጣለት ነው።